ሾኩ የሚያፈስ ጂቲአይ፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የቀሩት መኪኖች ጉዳይ

«ጎልፍ ጂቲአይ። 2.0 ቱርቦ። በጣም ንጹህ መኪና። ምንም ወጪ የለባትም፣ ገዝቶ መንዳት ብቻ!»

ቴሌግራም ላይ የመኪና ገበያ የሚከታተል ሰው ይሄን ዓይነት ማስታወቂያ በደንብ ያውቀዋል። ፎቶዎቹም ይታወቃሉ። የታጠበ ቦዲ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ የተወለወለ ዳሽቦርድ። ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ ግን አለ፤ ከፊት ጎማው ጀርባ፣ ሞላው መሃል የቆመው ጥቁር ቱቦ። ስልካችሁን እዛ አስገብታችሁ መብራቱን ብታበሩት ብዙ ጊዜ የምታገኙት ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ነው። በቃ፣ አሞርዛተሩ አፍስሷል ማለት ነው።

«ይሄ የመካኒክ ጉዳይ ነው፣ የዜና ገጽ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛ ደግሞ የፖሊሲ ጉዳይም ነው እንላለን። እስኪ ወደኋላ እንመለስ።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ትልቁ ዱላ ያረፈው ከ7 ዓመት በላይ በሆናቸውና ሞተራቸው ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ ነበር። ከዚያ ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ የጂቲአይ ባለቤት ላይ ጫኗቸው።

አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ የተሰራው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2009 ነው። ትንሹ እንኳ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞተሩ 1,984 ሲሲ፣ ጉልበቱ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ከቆመበት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ በማንዋል ካምቢዮ 7.2 ሰከንድ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት መኪና ማስገባት ስለማይቻል፣ ያሉት አሉ፤ ሌላ አይመጣም። ስለዚህ መኪናው እያረጀ ዋጋው ይጨምራል። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፣ ጥገናው ከዋጋው ሲበልጥ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል። እኛ ጋ ማንም መኪና አይጥልም። የሚጥልበት ምክንያትም የለውም።

መኪናው በብር ሲወደድ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። ባለቤቱ እዚህ ጋ መምረጥ ይጀምራል። ባትሪ ሲሞት መኪናው አይነሳም፤ ይገዛል። ራዲያተር ሲበሳ ሞተሩ ይግላል፤ ይሰራል። ሾክ ሲያፈስስ? መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ቱርቦው ያፏጫል። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት እንኳ የለም። «ቆይ ደሞዝ ሲገባ» ይባላል። ከዚያ ደሞዝ ይገባል፣ ይወጣል።

እሺ፣ ሾክ ምን ይሰራል? ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው ሾክ ይመስለዋል። የሚሸከመው ሞላው ነው። ችግሩ ሞላ አንዴ ከተጫነ በኋላ ብቻውን ከተተወ ሲዘል ይኖራል። ያንን ዝላይ የሚገድለው ሾኩ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፣ ዘይቱ ውስጥ ፒስተን አለ፣ ፒስተኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ቫልቮች አሉ። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ዘይቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች በግድ ያልፋል፤ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከላይ ዘንጉ የሚወጣበት ቦታ ላይ ዘይቱን የሚይዝ ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲያረጅ፣ ወይም ዘንጉ በአሸዋና በድንጋይ ሲጫር፣ ዘይቱ መውጣት ይጀምራል።

አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ሾክ ላይ የምታዩት ትንሽ እርጥበት ሁሉ ብልሽት አይደለም። ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ቀጭን የዘይት ላብ ይተዋል፣ እሱ ጤነኛ ነው። ዘይቱ ቱቦው ላይ ወደ ታች ከወረደ፣ ከጠራረጋችሁት በኋላም በቀናት ውስጥ ተመልሶ ከረጠበ ግን ሾኩ አልቋል።

አሁን ወደ ጂቲአይው። ይሄ መኪና ከተራው ጎልፍ 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በጠነከረ ሞላ ነው የተሰራው። የጠነከረ ሞላ የሚመልሰው ጉልበት ትልቅ ስለሆነ እሱን የሚይዝ ጠንካራ ሾክ ይፈልጋል። ሾኩ ሲደክም ታዲያ ከተራው መኪና የባሰ ይሆናል። ጎማው የተበላሸ መንገድ ላይ አስፋልቱን እየለቀቀ ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪ አይሰማም። ኤቢኤሱም ቢሆን መሬት ያልነካ ጎማ ላይ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ፍሬናችሁ አዲስ ሆኖ ማቆሚያ ርቀታችሁ ሊረዝም ይችላል ማለት ነው። እኛን በጣም የሚያሳስበን ይሄ ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አለ፣ የሚያቆመው ግን ግማሹ ሄዷል። ይሄንን ይዞ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሚነዳ፣ ወይም ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱን የሚወርድ ወጣት አለ።

ይባስ ብሎ ሾክ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚደክም አሽከርካሪው ይለምደዋል። «መኪናዬ ለስላሳ ሆነች» የሚል ሁሉ አለ! መኪናውን ጥግ ላይ በእጅ ተጭኖ ስንት ጊዜ እንደሚዘል መቁጠር የሚባለው ሙከራም እንዲህ ዓይነት ደረቅ ሞላ ያለው መኪና ላይ ብዙ አይነግራችሁም። የተሻለ የሚናገረው ጎማው ነው። እጃችሁን ጎማው ላይ ብታሳልፉ አንዱ ቦታ ጎድጎድ፣ አንዱ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ያ ጎማ ሲነጥር ነው የከረመው።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ መንገዱ ለአራት ይከፈላል። ኦሪጅናል አዲስ አለ፣ ከተገኘ፤ ዋጋው ዛሬ የሰማችሁት ነገ ላይሆን ይችላል። የታወቁ አምራቾች፣ እነ ሳክስ፣ ቢልስታይን፣ ሞንሮ፣ ካያባ የሚሰሩት አለ። እዚህ ጋ የካርቶኑን ስም አትመኑ፤ የታወቀ ስም አስመስሎ የሚታተም ካርቶን በመላው ዓለም አለና። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመኪናችሁ ጋር አመሳክሩ። ሦስተኛው ከውጭ ተፈትቶ የመጣ ያገለገለ ሾክ ነው። ርካሽ ነው፣ ነገር ግን እናንተ የፈታችሁት 15 ዓመት የሆነው ሾክ ነው፣ የምትገጥሙትም ብዙ ጊዜ የዚያው ዕድሜ እኩያ ነው።

አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሾክ ማስሞላት። ቱቦው ይበሳል፣ ዘይት ይጨመራል፣ ቀዳዳው ይበየዳል፣ በጥቂት ብር መኪናው ለሳምንታት «አዲስ» ይሆናል። ይሄንን የሚሰራውን ባለሙያ ለመስደብ አይደለም፤ ደንበኛው ያለውን ብር አይቶ ነው የሚሰራው። ግን ያፈሰሰው አሮጌ ጎማ እዚያው ነው ያለው። የብየዳው ሙቀት ደግሞ ይጨምርበታል። ጋዝ የነበረበት ሾክ ከሆነ ጋዙ ሲበሳ ወጥቷል። የሚጨመረውም ዘይት ቫልቮቹ የተለኩለት ዘይት ካልሆነ ሾኩ ወይ ይደርቃል ወይ ይላላል። ግራው አንድ ዓይነት፣ ቀኙ ሌላ ዓይነት ሲሆን ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። በከተማ ታክሲ ፍጥነት ላይታወቅ ይችላል። በጂቲአይ ፍጥነት ይታወቃል።

ለመቀየር ከወሰናችሁ፣ ጥንድ ጥንዱን ቀይሩ፤ ሁለቱን የፊት፣ ወይም ሁለቱን የኋላ። ያፈሰሰውን አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። የኋላው በዚህ ጎልፍ ላይ ቀላል ነው፤ ሾኩ ከሞላው ተለይቶ ስለቆመ መካኒኩ ሞላ ሳይነካ ይፈታዋል። ከባዱ የፊተኛው ነው። ሾኩ ሞላውን ለብሶ፣ ታች ደግሞ ጎማውን በሚይዘው ብረት ውስጥ ተነክሶ ነው ያለው። ብረቱን ትንሽ ከፈት የሚያደርግ መሣሪያ ከሌለ በመዶሻ ይመታል፣ በመዶሻ የተመታ ነገር ደግሞ ሌላ ወጪ ይወልዳል። ሞላው ሲፈታ በትክክለኛ መጭመቂያ መታሰር አለበት። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ በገመድ አስሮ ሊፈታ የሚሞክር ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የዚህ ትውልድ ጎልፍ የፊት ሾክ በሁለት ውፍረት ነው የሚመጣው፣ 50 እና 55 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም «የጎልፍ» ነው፣ አንዱ ግን የእናንተ ላይ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አስለኩ። ከሾኩ ጋር ከላይ ያለውን መያዣ ጎማና ተሽከርካሪውን ኩሽኔታ፣ አቧራ መከላከያውንም አብራችሁ ብትቀይሩ ይሻላል፤ እነሱ ከሾኩ በጣም ይረክሳሉ፣ አንዴ ተፈትቶ ሳለ ተጨማሪ የጉልበት ዋጋም የለውም። ካምፓኒው አንዳንዶቹን ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ተኩ ነው የሚለው። ሲጨርሱ አላይመንት የግድ ነው። አለበለዚያ የገዛችሁት አዲስ ሾክ አዲሱን ጎማ ባንድ ጎን ሲበላ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። እኛ የኤሌክትሪክ መኪናን አንቃወምም። አገሪቱ በየዓመቱ ለነዳጅ የምታወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው፣ መብራቱ ደግሞ የራሳችን ነው። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ አንስቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚመጣው ጉምሩኩን 15 በመቶ ላይ ማድረጉ ለገዢው ጠቅሟል። የቀረው ነገር ሁሉም ውሳኔ የተወሰነው በር ላይ መሆኑ ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን አይግባ። ውስጥ ያሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖች በሩ ስለተዘጋ አይጠፉም። እንዲያውም ስለተዘጋ ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ሾክ፣ ፍሬን ሸራ፣ ጎማ የሚባሉት ነገሮች የቅንጦት ዕቃ መስለው ሊታዩ አይገባም። የእግረኛው ደህንነት ዕቃ ናቸው። የመኪና አስመጪነት ሲዘጋ መለዋወጫ በምን ዋጋና በምን ጥራት ይግባ የሚለው አብሮ መመለስ ነበረበት። እስካሁን ጎልቶ ሲነሳ አልሰማንም።

ዓመታዊ ምርመራው አለ አይደል? አለ። ቦሎ መለጠፉ ግን በዓመት አንድ ቀን የታየ መኪና ማለት ነው፤ ሾክ ደግሞ በማግስቱ ኮብልስቶን ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

«የእኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ አያገባኝም» የምትሉም ትንሽ ቆዩ። ከተማው ውስጥ የሞላው የቮልስዋገን አይዲ.4 ባትሪውን ተሸክሞ ከ2 ቶን ያልፋል፤ ጂቲአይው 1.4 ቶን አይሞላም። ያንን ሁሉ ክብደት በየጉብታው የሚያረጋጋው ያው ሾክ ነው፣ ያው ዘይት፣ ያው ጎማ። እሱም ጊዜው ሲደርስ ያፈሳል።

እስከዚያው አሮጌ ፈጣን መኪና ልትገዙ የምታስቡ፣ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ ከጎማው ጀርባ ያለውን ሾክ በሁለቱም በኩል በመብራት ቪዲዮ አንስቶ ይላክላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ካንገራገረ፣ ወይም ልኮት ቱቦው ረጥቦ ካያችሁት፣ የአራት ሾክ፣ የመያዣዎቹንና የአላይመንቱን ዋጋ ሶማሌ ተራ ደውላችሁ ጠይቁና ከሚለው ላይ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ።