ክፍል ሁለትን የሚጠብቅ ታሪክ

የመጽሐፍ አሳታሚ የደራሲውን ሥራ ለአንባቢ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ የቪዲዮ ጌም አሳታሚም ለሥራው ገንዘብ ይመድባል፣ ያስተዋውቃል፣ ለገበያ ያቀርባል። የትኛው ታሪክ ወደ ልጆቻችን እንደሚደርስ በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው። ስለሆነም የአሳታሚው ማንነት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ሪያድ የራሷ ምሳሌ አላት። መቀመጫው እዚሁ ከተማ የሆነው ሰማኑር የሚታወቀው በዲጂታል መጻሕፍትና በትምህርት ሶፍትዌር ነበር። ሰማፎር በተባለው የጌም ክፍሉ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2013 የኢብን ባቱታን ዱካ የሚከተል ጌም ሠርቶ ራሱ አሳተመ። ጀግናው ፋሪስ ጃዋድ ከእኅቱ ከዳንያ ጋር የታላቁን ተጓዥ ምስጢር ይፈልጋል። በብዙ የውጭ ጌሞች ውስጥ ዓረብ የሚታየው በጠላትነት ተሰልፎ ነው፤ በዚህኛው ግን የታሪኩ ባለቤት ሆነ።

ሥራው እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ተቺዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ከሚሠሯቸው ጌሞች ጋር እያነጻጸሩ ክፉኛ ነቀፉት። «ክፍል አንድ» ተብሎ ቢወጣም ክፍል ሁለት አልተከተለም። ቁጭቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራ ጉድለት የሚታረመው በሁለተኛው ነውና።

የአሜሪካዊው ቲም ስዊኒ ጉዞ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወላጆቹ ቤት የጀመረው ፖቶማክ ኮምፒውተር ሲስተምስ የኮምፒውተር ምክር አገልግሎት ለመስጠት የታሰበ ነበር። ያ አልሆን ሲለው በፊደላትና በምልክቶች ብቻ የተሣለ «ዜድ ዜድ ቲ» የተባለ ጌም ሠርቶ በፖስታ ሸጠ። ድርጅቱ ስሙን ለውጦ የሌሎችን ወጣቶች ሥራ ጭምር ማሳተም ያዘ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኤፒክ ጌምስ ይኸው ነው። ዝናን ያተረፈለት «አንሪል» የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር፤ ሰባት ዓመት የፈጀ ትዕግሥት መሆኑ ነው።

መንግሥት ለዘርፉ የሰጠው ትኩረት ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የጌምና የኢስፖርት ስትራቴጂ እስከ 2030 ድረስ 39,000 የሥራ ዕድሎችን ለመፍጠርና ለኢኮኖሚው 50 ቢሊዮን ሪያል ለማስገኘት አቅዷል። በቀጣዩ ዓመት ሳቪ ጌምስ ግሩፕ የአሜሪካውን ስኮፕሊ በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። እንዲህ ያለው ግዢ ልምድና ገበያ ያስገኛል። ሆኖም የተገዛ ኩባንያ የሚመጣው የራሱን ታሪክ ይዞ ነው። የእኛን ታሪክ የሚያወጣው የእኛው ትንሽ አሳታሚ ነው። በመሆኑም ከድጋፉ ጥቂቱ የመጀመሪያ ሥራቸውን አውጥተው ለሁለተኛው አቅም ላጡ ትናንሽ ድርጅቶች ቢመደብ ተገቢ ነው እላለሁ። «ገበያው ይፍረድ» የሚሉ አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሞክሮ የሚሰጥ ፍርድ ግን የቸኮለ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ኢብን ባቱታ የሐበሻ ነጋዴዎች መውጫ በር ወደነበረችው ዘይላ ደርሶ ነበር። ገበያዋ ሰፊ መሆኑን መስክሯል፤ ነገር ግን የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በመርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ከዚህ የተሻለ የጌም ትዕይንት ከየት ይገኛል? በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሙያው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሪያድ ጋር ቢገናኝ፣ ዘይላን ለልጆቻችን የሚያሳይ ሥራ ሊወለድ ይችላል።

ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1325 ከታንጀር ሲወጣ ያሰበው ሐጅ ለማድረግ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው ግን ከ24 ዓመታት በኋላ ነው። በስሙ የተጀመረው ሥራም በመጀመሪያው ጣቢያ ሊቀር አይገባውም።