የተውሶ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት በአዘጋጅ ኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የዜናውን ዓምድ የሚሠሩት ሁለት እጩ መምህራን የክፍል ትምህርቱና የማስተማር ልምምዱ ስለተደራረበባቸው፣ ከእንግዲህ ዜናውን ሌላ ቦታ ተሠርቶ ካለቀበት እየወሰድን ብንለጥፍ ምናለበት የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ቅኖች ናቸው። «ዜና ዜና ነው፤ ማንም ቢጽፈው ምን ልዩነት አለው?» ነው ያሉት። ግማሾቻችን ተስማማን፣ ግማሾቻችን አንገራገርን፤ ነገሩ ሳይቋጭ የእራት ደወል ተደወለ። ጥያቄው ግን ከእራትም በኋላ አልለቀቀንምና እነሆ እዚህ ላይ አምጥተነዋል።

በመሠረቱ ነገሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ንግድ ከሆነ ቆይቷል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 ዴቪድ ሳፐርስታይን የተባለ ሰው «ሜትሮ ትራፊክ ኮንትሮል» የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የት ላይ መኪና ተጋጨ፣ የትኛው ድልድይ ላይ ሰልፉ ረዘመ የሚለውን ከአየርና ከምድር እየሰበሰበ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ማቀበል ነው። ጣቢያው ሄሊኮፕተር አይገዛ፣ ነዳጅ አይሞላ፣ ለዘጋቢ ደመወዝ አይከፍል። ታዲያ በነጻ ነው? ነጻ የሚባል ነገርማ የለም። ጣቢያው ዋጋውን በገንዘብ ፈንታ በአየር ሰዓት ይከፍላል። ዘጋቢው «እዚህ ጎዳና ላይ መኪና ተጨናንቋል» ብሎ ሳይጨርስ አሥር ሰከንድ ያህል የምትሆን ማስታወቂያ ራሱ ያነባል። ኩባንያው እነዚህን ጥቃቅን ሰከንዶች ከብዙ ጣቢያ አጠራቅሞ ለትልልቅ አስነጋሪዎች ይሸጣል። አድማጩ ደግሞ መንገዱን ሊሰማ ጆሮውን ቀስሮ የተቀመጠበት ሰዓት ነውና ማስታወቂያዋ አታመልጠውም። ብልሃቱ ይደንቃል!

ኩባንያው ውሎ አድሮ በትራፊኩ ላይ ዜናውን፣ ስፖርቱንና የአየር ጠባዩን ጨመረበት። በ1999 ዌስትውድ ዋን የተባለ ድርጅት ገዛው፤ በ2011 ደግሞ የትራፊኩ ሥራ በ2014 ስሙን አይኸርትሚዲያ ብሎ በለወጠው በክሊር ቻነል እጅ ገባ። እንግሊዝ አገርም ቢሆን በ1973 የንግድ ሬዲዮ ሲጀመር ለጣቢያዎቹ ዜና የሚያቀብል አንድ ድርጅት አብሮ ተቋቁሟል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የስሙ ነገር ነው። አንዱ ዘጋቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለአንዱ ጣቢያ በአንድ ስም ይናገራል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለተፎካካሪው ጣቢያ በሌላ ስም፣ ድምፁንም ለወጥ አድርጎ ይቀርባል። ረጋ ያለ ዘፈን የሚያሰማው ጣቢያ ላይ ረጋ ይላል፣ ወጣቶች የሚሰሙት ላይ ይፈጥናል። ሰውየው ያው፣ ወንበሩም ያው። ለምን ቢባል፣ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ የሚሻሙ ስለሆኑ አድማጩ «የእኔ ጣቢያ ሰው ነው» ብሎ እንዲያምን ስለሚፈለግ ነው። ይህ ውሸት ነው አይደለም? እኛም አልተስማማንበትም። ያልነው ግን አለ፤ መንገዱ በእርግጥ ተዘግቶ ከሆነ ወሬው ውሸት አይደለም፤ የሚያወራው ሰው ማንነት ነው የተሸፈነው።

ሥራውንም አንናቅ። ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስን ታሪክ የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ በ1960 ዩ-2 በተባለው የስለላ አውሮፕላን ሲበር በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመትቶ የወደቀው አሜሪካዊ ነው። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ከአየር ላይ የትራፊክ ዘጋቢ ሆነ። በ1977 ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያበረው የነበረው ሄሊኮፕተር ነዳጅ ጨርሶ ሲከሰከስ እሱና ካሜራ ያዡ ሞቱ። ሚሳይል ያልገደለውን ሰው የነዳጅ ማለቅ ገደለው። እያንዳንዱ ጣቢያ ለየራሱ ይህን ወጪና ይህን አደጋ ይሸከም ማለት ከባድ መሆኑን እንረዳለን።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጃንዋሪ 2002 ማይኖት በምትባል የሰሜን ዳኮታ ከተማ አጠገብ በእኩለ ሌሊት የጭነት ባቡር ሐዲድ ስቶ ወደቀ፤ አሞኒያ የሚባለው መርዛማ ጋዝ በከተማይቱ ላይ ተነነ። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰዎች ታመሙ። ሰው በጨለማ ሬዲዮኑን ከፈተ፤ ያገኘው ሙዚቃ ነው። የከተማይቱ ስድስት የንግድ ጣቢያዎች የአንድ ባለቤት፣ የክሊር ቻነል ነበሩ። ፖሊሶች ወደ ጣቢያው ቢደውሉ ቢደውሉ የሚያነጋግራቸው አላገኙም። ድርጅቱ በበኩሉ «ፖሊስ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በወጉ አልተጠቀመበትም» ብሎ ተከራክሯል። ጥፋተኛውን እኛ አንፈርድም። ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ዝግጅት ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ ውሎ፣ በዚያች ሌሊት መስኮት ከፍቶ «ኧረ ይሸታል!» የሚል ሰው በጣቢያው ውስጥ ያስፈልግ ነበር።

ለእኛ ለመምህራን ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ግድም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን ፕላዝማ መምህሮቻችን ያስታውሱታል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የተተወለት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነው። የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ጠብቆ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማን መለሰና? መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ትምህርቱ ሄዷል። ሥዕሉና ቤተ ሙከራው ያማረ ነበር፤ ይህን አንክድም። የጎደለው የኋላ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ግንባሯን ስትቋጥር የሚያይ ዓይን ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመለስ፣ የዓለሙንና የአገሩን ዜና ከሌላ ብንወስድ አንቃወምም፤ ምንጩ ከሥሩ ይጻፍ እንጂ። በራሳችን ስም ቀይረን አንለጥፍ። የግቢያችን ዜና ግን በማንም አይተካም። የሴቶች መኝታ ውሃ ለአሥራ አንድ ቀን መጥፋቱን የትኛው የዜና ድርጅት ይጽፍልናል? ለልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት አምስት ሕፃናት በአንድ ዴስክ ተጣበው መቀመጣቸውንስ? ባለፈው ወር ይህን የጻፉት እነዚያው ሁለቱ የደከሙ ጓደኞቻችን ናቸው። ጽሑፉ በተለጠፈ በሳምንቱ ከሙያ ትምህርት ክፍል ሦስት ዴስክ ተጠግኖ ሄዷል።

ስለዚህ ሸክሙን እንካፈል የሚል ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን፤ ከየሴክሽኑ አንድ ሰው በተራ ለአንድ ሳምንት ዜና ይሰብስብ። ከመምህራንም በጎ ፈቃድ ያለው ቢታከልበት ደስታችን ነው። የሚቃወም ሐሙስ ከእራት በፊት ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ መጥቶ ይሟገተን። ወረቀቱና እስክሪብቶው ከእኛ።