ምድር ስትናወጥ አትሩጡ

ወጣቶቻችን ከሚያዘወትሯቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ጠላትን ተኩሶ ስለ መጣል ናቸው። ይህን ለለመደ ሰው ኢሬም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው «ዲዛስተር ሪፖርት» ግር ሳይለው አይቀርም። በዚህ ጨዋታ ዋናዋ ባላጋራ ምድር ራሷ ናትና። ኪት ሄልም የሚባል ጋዜጠኛ በሰው እጅ ወደ ተሠራች ደሴት ለሥራ በሄደበት ጊዜ ምድር ትናወጣለች፤ ሕንጻው ይናዳል፤ ደሴቲቱም መስጠም ትጀምራለች። ተጫዋቹ ይህን ሰው በሕይወት ማውጣት አለበት።

እንግዲህ ጀማሪውን የሚያሰናክለው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ጥድፊያ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሚሮጥ ሰው ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከሆነማ ነገሩ አለቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ንውጥውጡ ሲጀምር ማጎንበስ፣ እስኪያልፍ መታገሥ፣ ከዚያ በኋላ መራመድ ነው።

ሁለተኛው ጥም ነው። ውኃ ያላገኘ ሰው ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል። ጨዋታው የደረሰበት ደረጃ የሚመዘገበውም ከውኃ ቧንቧ ዘንድ ስለሆነ፣ ቧንቧ አይቶ የሚያልፍ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ሦስተኛው አለማስተዋል ነው። መንገዱ የተዘጋ በመሰለ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከመራወጥ ቆም ብሎ ግራ ቀኙን መቃኘት ይሻላል፤ መውጫው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቅርብ ነው። የጀርባው ሻንጣ የሚይዘው ጥቂት ስለሆነም የሚጠቅመውን ለይቶ ማንሣት ያስፈልጋል።

ጃፓኖች ይህን ነገር እንደ ቀልድ አያዩትም። በመጋቢት 2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል አገራቸውን በመታ ጊዜ፣ ኢሬም ሊያወጣ ተቃርቦ የነበረውን አራተኛውን ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰረዘው። የጨዋታው መሪ ካዙማ ኩጆ ግን ግራንዜላ የተባለ ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ፤ ክፍሉም በ2018 ወጣ።

እኛም ብንሆን የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው ንውጥውጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም ወደ ደረጃው ሲጋፋ፣ ምድር ካደረሰችው ጉዳት ይልቅ ግፊያው ያደረሰው ሊበልጥ ይችላል። ጎንበስ ብሎ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትና እግሩን ይዞ መቆየት ብዙ ሰው ያድናል።

ጨዋታ ግን ጨዋታ ነው። እዚያ የሞተ ሰው መጨረሻ ውኃ ከጠጣበት ቧንቧ ዘንድ ተነሥቶ እንደ ገና ይጀምራል። ለእኛ እንዲህ ያለ ቧንቧ የለንም። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ክፍላችሁን ተመልከቱ። ከራስጌያችሁ በላይ ምን ተሰቅሏል? የምትጠለሉበትስ ጠረጴዛ የትኛው ነው?