ሬዲዮው አልተበላሸም

ባለፈው የሙዚቃ ምሽት እንዲሰማልን አራት ደቂቃ የሚፈጅ ቅጂ ለአዘጋጆቹ ሰጥተን ነበር። ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከያዝነው ፉጨትና ጩኸት፣ ቁጥር ብቻ ከምታነብ ሴት ድምፅ፣ ከከበሮም የተሠራ ነው። መልሱ አጭር ሆነ፤ «ሬዲዮአችሁን አስጠግኑ» ተባልን። ቅጂው ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር።

እኛ ግን የምንለው አለን። የድሬዳዋ ልጆች ነን፤ መጋላ ውስጥ ሌሊት የሬዲዮውን መርፌ ስናዞር አረብኛው፣ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ይፈራረቃል፤ በመካከሉም ባለቤቱ የማይታወቅ ድምፅ ይገባል። ሌሊት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀን ሞገዱን የሚውጠው የሰማይ ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሳሳ ከሩቅ አገር የተላከው ይደርሰናል። ቁጥር አንባቢዎቹ ለሰላዮች መልእክት ያደርሳሉ ይባላል። እኛን የሚያስደንቀን ግን አነባበቡ ነው፤ ቁጥሩ አምስት አምስት እየሆነ ሲሄድ ራሱ ምት ይሆናል።

«ይህ የፈረንጅ እብደት ነው» ላሉን ወንድሞቻችን አንድ ነገር እናስታውሳቸው (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ጀርመናዊው ሽቶክሃውዘን በ1968 ስድስት ተጫዋቾች ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጋር የሚጫወቱት ሥራ ማቅረቡ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ 24 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1944፣ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ የሴቶችን የዛር ዜማ በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ በሬዲዮ ጣቢያ መሣሪያ መሠረታዊውን ድምፅ አውጥቶ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀጭን ድምፅ ብቻ በማስቀረት ሙዚቃ ሠራ። ዛር ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አይነገርም! ይኸው ሰው በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ለጩኸቱም ቢሆን እንግዶች አይደለንም። በ2010 መንግሥት የአሜሪካን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲያፍን፣ ከእኛ የአንዱ አባት ጆሮአቸውን ከሬዲዮው ላይ ለጥፈው ከጩኸቱ ሥር ዜና ሲፈልጉ ያመሹ ነበር። ቅጂውን ስናሰማቸው አልሳቁም። «ይህንንስ አውቀዋለሁ፤ ከየት አገኛችሁት?» አሉና እንደገና አስከፈቱን። ከከበሮው በታች አሁንም የሰው ድምፅ ይፈልጉ ነበር።

ዛሬ ብዙ ጣቢያዎች ከአጭር ሞገድ ወጥተዋል፤ ሬዲዮኖቹም የልጆች መጫወቻ እየሆኑ ነው። ስለዚህ በቤቱ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ተማሪ ሐሙስ ማታ ይዞልን ይምጣ፤ የባትሪ ድንጋይ እኛ እንገዛለን። አዘጋጆቹን ደግሞ የምንለምነው አራቱን ደቂቃ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ከዚያ በኋላ እንዲመልሱልን ነው።