የሚያውቁት ሰይጣን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ሊሄድ ሲል ቤት ውስጥ የሽኝት ቡና ተፈላ። አክስቴ በረካው እስኪቀዳ ጠብቃ ምክሯን ጀመረች። «ልጄ፣ ብርዱን ልብስ ደርበህ ትችለዋለህ። እኔ የምፈራልህ አሸባሪውን ነው። አውሮፕላንም ይሁን ባቡር፣ ጺሙን ያስረዘመ ሰው ካየህ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ፈረንጆቹ አጠገብ ከሆንክ ምንም አትሆንም።» ሁላችንም ሳቅን። (አጎቴ ጺሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ሰው ነው፤ እሱም ሳቀ።)

ምክሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ፖርትላንድ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ጺም ያስረዘመ ሰው አይደለማ። ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ነው።

ሙሉጌታ ሥራውን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለትምህርት ብሎ አሜሪካ የገባ፣ ፖርትላንድ ውስጥ ለአንድ መኪና አከራይ ድርጅት የመንገደኛ ማመላለሻ እየነዳ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ኖቬምበር 13፣ 1988 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ደጃፍ ሲያደርሱት ሦስት ስኪንሄዶች ጠብ አነሱባቸው። አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። 28 ዓመቱ ነበር፤ አገር ቤት አንድ ትንሽ ልጅ ነበረው። ገዳዮቹ ባሕር አቋርጠው አልመጡም። «ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ» የሚባል ቡድን አባላት የሆኑ፣ እዚያው ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። አክስቴ «አጠገባቸው ሁን» ያለቻቸው ዓይነት ሰዎች ማለት ነው።

እንግዲህ አሜሪካኖቹ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚከራከሩበት ጥያቄ ይሄው ነው። የሚያሰጋው የትኛው ነው? በአልቃይዳና በአይሲስ ስብከት የሚነሳው፣ ወይስ «አገሬን ከወራሪ አድናለሁ» እያለ ጓሮ ውስጥ ኢላማ የሚለማመደው የቤት ልጅ? እኛስ ምን አገባን የሚል ካለ፣ ዘመድ የሌለው እጁን ያውጣ። ዋሽንግተን ዲሲና ሚኒያፖሊስ፣ አትላንታና ዳላስ ስንት ወንድም እህት አለን?

ብዙ ሰው መልሱን ሬሳ ቆጥሮ ሊያገኘው ይሞክራል። እኔም ሞክሬው ነበር። ችግሩ፣ አሸናፊው ከየትኛው ቀን ቆጠራ እንደጀመራችሁ ይለያያል። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ጠዋት ከጀመራችሁ ክርክሩ እዚያው አለቀ፤ በአንድ ጠዋት 2,977 ሰው። ከማግሥቱ ከጀመራችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአንድ በኩል ፎርት ሁድ በ2009 13 ሰው፣ ቦስተን ማራቶን ላይ በ2013 የፈነዳው ቦምብ 3፣ ሳን በርናርዲኖ በ2015 14፣ ኦርላንዶ በ2016 49፣ ኒው ኦርሊንስ በ2025 አዲስ ዓመት ዕለት 14። በሌላ በኩል ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ2015 9፣ ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ በ2018 11፣ ኤል ፓሶ ገበያ ውስጥ በ2019 23፣ በፋሎ ሱፐርማርኬት ውስጥ በ2022 10። ትልልቆቹን ብቻ ስትደምሩ የመጀመሪያው ወገን ይበልጣል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን የሁለተኛው ወገን አገዳደል ብዙውን ጊዜ አንድ፣ ሁለት እያለ ነው። የሙሉጌታ ሞት የተዳኘው በነፍስ ግድያ ወንጀል ነው። የሽብር ሰለባ ቆጣሪ ሁሉ አያስገባውም። ስለዚህ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ አገሪቱ በየትኛው ዓይኗ ታያለች የሚለው።

ኤፕሪል 19፣ 1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ማዳበሪያና ነዳጅ የተሞላ የኪራይ መኪና በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ደጃፍ ላይ ፈነዳ። 168 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ ሕፃናት ናቸው፤ ሕንፃው ውስጥ የልጆች መዋያ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቴሌቪዥኑ የሚያወራው መካከለኛው ምሥራቅን ነበር። ያደረገው ግን ቲሞቲ ማክቬይ ነው፤ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያደገ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ተዋግቶ ሜዳይ የተሸለመ ወታደር። የተያዘውም በስለላ አይደለም። ፍንዳታው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው፣ ሰሌዳ የሌለው መኪና ሲነዳ አንድ የመንገድ ፖሊስ አስቁሞት ነው። ሰሌዳውን ቢያስር ኖሮ ማን ያውቃል።

አሁን ይቺን ስሙ። ከዚያ ፍንዳታ በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1996፣ ኮንግረሱ በሐዘኑ ግፊት የጸረ ሽብር ሕግ አወጣ። ሕጉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የውጭ አሸባሪ ድርጅቶችን ዝርዝር እንዲያወጣ ፈቀደ፤ ዝርዝሩ ላይ ላለ ድርጅት ገንዘብ የላከ፣ ያሠለጠነ፣ ያገዘ ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ። የውጭ ድርጅቶች! ቤቱን ያፈረሰው የቤት ልጅ ሆኖ ሳለ ቁልፉ የተገዛው ለአጥሩ በር ነው። ማክቬይ በሞት የተቀጣው ጁን 11፣ 2001 ነው። ልክ በሦስት ወሩ ኒውዮርክና ፔንታገን ተመቱ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማክቬይ ዓይነት ሰው ማሰብ እንደ ቅንጦት ተቆጠረ።

በዚያው በ2001 የወጣው ፓትሪዮት አክት «የአገር ውስጥ ሽብር» ለሚለው ቃል ትርጉም ሰጥቶታል። ትርጉም እንጂ ቅጣት ግን የለውም። በዚያ ስም ብቻ ተከሶ የሚፈረድበት ሰው የለም፤ በግድያ፣ በመሣሪያ፣ በጥላቻ ወንጀል ነው የሚከሰሰው። ሁለት ወጣቶች አስቡ። አንደኛው ዝርዝሩ ላይ ላለ የውጭ ቡድን አንድ መቶ ዶላር ቢልክ እስር ይጠብቀዋል። ሌላኛው «ጥቁሮችና ስደተኞች ይጥፉ» ለሚል የአገር ውስጥ ቡድን ያንኑ መቶ ዶላር ቢሰጥ፣ ለተለየ ወንጀል መሆኑን አውቆ እስካልሰጠ ድረስ፣ መዋጮ ነው።

በ2009 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ተንታኞች አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር። ቀኝ ጽንፈኞች እየተጠናከሩ ነው፣ ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን ሊመለምሉ ይችላሉ የሚል። ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞችና የወታደር ማኅበራት ጮኹ፣ ሚኒስትሯ ይቅርታ ጠየቁ፣ ጽሑፉ ተነሳ፣ የጻፈው ቡድንም ተመናመነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ነጭ የበላይነት አምላኪ የሲክ እምነት ቤተ መቅደስ ገብቶ ስድስት ምእመናን ገደለ። የቀድሞ ወታደር ነበር።

እኛ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንላለን። አሜሪካ ይህን ተረት በተግባር የምትኖር ይመስለኛል።

ደግሞም «የውጭ» እና «የውስጥ» የሚለው ክፍፍል ጠጋ ብለው ሲያዩት ይፈራርሳል። የፎርት ሁዱ ገዳይ ቨርጂኒያ የተወለደ የአሜሪካ ጦር ሻለቃ፣ ያውም የአእምሮ ሐኪም ነበር። የኦርላንዶው ኒውዮርክ ነው የተወለደው። የኒው ኦርሊንሱ መኪናው ላይ የአይሲስ ባንዲራ ሰቅሎ ሕዝብ ላይ ሲነዳ የመጣው ቴክሳስ ተወልዶ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች በኤርፖርት ፍተሻም ሆነ በቪዛ ክልከላ ማስቆም አይቻልም። የውጭ የነበረው ሐሳቡ ብቻ ነው፤ እጁ የቤት እጅ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «የቤት ውስጥ» የምንለው ጽንፈኛ ሐሳቡን ከውጭ ነው የሚያስመጣው። በ2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው የገደለው ሰው አንድ ረጅም ጽሑፍ በኢንተርኔት በትኖ ነበር። በ2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ መስጊድ ገብቶ 51 ሰው የገደለው አውስትራሊያዊ ኖርዌዩን አርአያው አድርጎ ጠቀሰ፤ ግድያውንም በቀጥታ አሰራጨ። የኤል ፓሶው በጽሑፉ የክራይስትቸርቹን አደነቀ። የበፋሎው የ18 ዓመት ልጅ ከክራይስትቸርቹ ጽሑፍ ሰፊ ክፍል ገልብጦ፣ እንደዚያው በቀጥታ እያሰራጨ ጥቁሮችን ገደለ። ከኦስሎ ክራይስትቸርች፣ ከክራይስትቸርች ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ ኒውዮርክ ግዛት። ይሄ «የውስጥ» ከሆነ «የውጭ» የምትሉት ምኑ ነው?

ታዲያ አንተስ የትኛውን ትፈራለህ ብትሉኝ፣ የቤቱን ነው የምፈራው። የሚገድለው ሰው ብዛት አይደለም ምክንያቴ። አልቃይዳን የሚመርጥ መራጭ የለም፤ አልቃይዳን የረገመ ፖለቲከኛ ወንበሩን አያጣም። የቤት ጽንፈኛ ግን አጎት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ድምፅ አለው። ጃንዋሪ 6፣ 2021 ካፒቶል ሲወረር ሁላችንም በስልካችን አይተናል። የፕራውድ ቦይስ መሪ የነበረው ኤንሪኬ ታሪዮ 22 ዓመት፣ የኦዝ ኪፐርስ መሥራች ስቱዋርት ሮድስ 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ መንግሥት ላይ በማሴር። ጃንዋሪ 20፣ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቢሮ በገቡበት ዕለት ታሪዮ ምሕረት አገኘ፣ የሮድስም ቅጣት ተቀነሰለትና ሁለቱም ወጡ። አይሲስን ያገዘ ሰው እንዲህ ያለ በር ሲከፈትለት ያየ አለ?

እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ «እንግዲያው ለአገር ውስጦቹም ዝርዝር ይውጣላቸው!» ይላሉ። አንድ ዲሲ የሚኖር ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ሳምንት አኩርፎኝ ነበር። እኔ ግን እዚህ ላይ እግሬን እተክላለሁ። ዝርዝር ምን እንደሚሠራ እኛ ቤታችን ውስጥ አይተናላ!

የኢትዮጵያ የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ በ2009 ወጣ። በ2011 ፓርላማው አምስት ድርጅቶችን አሸባሪ አለ፤ አልቃይዳ፣ አልሸባብ፣ ግንቦት 7፣ ኦነግ፣ ኦብነግ። የውጩም የውስጡም በአንድ ወረቀት። አልሸባብ ላይ ማን ይከራከራል? ወረቀቱ ግን ከተጻፈ በኋላ ጋዜጠኛውም ጦማሪውም ወደዚያ ወረቀት እየተጎተተ ገባ። እስክንድር ነጋ በ2012 18 ዓመት ተፈረደበት። የዞን ዘጠኝ ልጆች በ2014 በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ፤ ወንጀላቸው እንደ እኛ መጻፍ ነበር። በ2018 ሦስቱ የአገር ቤት ድርጅቶች ከዝርዝሩ ተፋቁና መሪዎቻቸው አገር ቤት ተመለሱ። በ2021 ሕወሓትና ሸኔ ተጻፉ፤ በ2023 ሕወሓት ተፋቀ። መጻፊያውም ላጲሱም የሚውለው ወንበሩ ላይ ባለው ሰው እጅ ነው።

አሜሪካ ከእኛ ትለያለች የሚል ካለ፣ በሴፕቴምበር 2025 የሆነውን ይይ። ትራምፕ አንቲፋን «የአገር ውስጥ አሸባሪ ድርጅት» የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ሕጉ ለአገር ውስጥ ቡድን እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም፤ እሳቸው ግን ስሙን ሰጡ። ዝርዝሩ በሕግ ቢኖር ኖሮ ማን ማን ይገባበት እንደነበር ለእናንተ ግምት እተዋለሁ።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አይደለም። ወደ ፖርትላንድ እንመለስ።

የሙሉጌታ ገዳዮች ከታሰሩ በኋላ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባለው ድርጅት አንድ ነገር አስተዋለ። ልጆቹን የሚያደራጅ ሰው ከካሊፎርኒያ ተልኮ መጥቶ ነበር። ላኪው ቶም ሜትዝገር፣ «ዋይት አሪያን ሬዚስታንስ» የሚባለው ቡድን መሪ ነው። ሜትዝገር ዱላውን አልያዘም፤ በቦታውም አልነበረም። ስለዚህ በሙሉጌታ ቤተሰብ ስም የፍትሐ ብሔር ክስ ተከፈተበት፤ ልጆቹን አነሳስተህ ለዚህ አብቅተሃል ተብሎ። በኦክቶበር 1990 የፖርትላንድ ዳኝነት ሸንጎ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ። ሜትዝገር ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ቤቱን አጣ፤ ድርጅቱም እንደ ድሮው አልቆመም። እስከ ሞተበት እስከ 2020 ድረስ መናገሩን ማንም አልከለከለውም፤ ማደራጀቱን ግን ኪሱ ከለከለው። በ2017 ሻርለትስቪል ላይ ሰልፍ የጠሩት ነጭ የበላይነት ቡድኖችም በተመሳሳይ መንገድ ተከሰው በ2021 በሚሊዮኖች ተፈረደባቸው።

ይሄ መንገድ አዝጋሚ ነው፤ የሞተውን አይመልስም፤ በኢንተርኔት ብቻውን የተመረዘውን የ18 ዓመት ልጅ ላይደርስበት ይችላል፤ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ግን ማስረጃ ይጠይቃል፣ ተከሳሹ ይከራከራል፣ የሚፈርዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ከመንደሩ የተመረጡ ናቸው። ከአንድ ፊርማ ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ፎቶ ላከልኝ። ሳውዝኢስት 31ኛና ፓይን መገናኛ ላይ ቆሟል፤ ከበላዩ የመንገዱ ምልክት ላይ የሙሉጌታ ስም አለ፤ ከተማው በ2018፣ በሠላሳኛ ዓመቱ ነው የሰቀለው። ለአክስቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አስጠግታ ካየች በኋላ «የማን ልጅ ነው እሱ?» አለችኝ። ነገርኳት። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተናገረችም፤ ከዚያ «ደውልልኝና ልጄን አገናኘኝ» አለች።