የአባዬን ካታሎግ ለቆራሌው ልስጠው?

«እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን ነዋሪነቴ አስኮ ሳንሱሲ ነው። አባዬ በሞት ከተለየን ስምንት ወር ሆነው። ሙያው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነበር። ግቢያችን በር ላይ ያለችው ክፍል ሱቁ ነበረች። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ የምገባው እዚያ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችውን የኤሌክትሮኒክስ ካታሎግ አገላብጣለሁ፤ እሱ ደግሞ ‹ይቺ ምንድን ናት?› እያለ ይፈትነኛል። አሁን ወንድሞቼ ክፍሏን አከራይተን እማዬን እንደጉማት ይላሉ። ዕቃው በኪሎ ለቆራሌው፣ መጽሐፉ ለሱቅ መጠቅለያ ይሁን ብለዋል። እማዬ ዝም ብላለች። እኔ አንዲት ብሎን ሲያነሱ እንባዬ ይቀድመኛል። ታላቅ ወንድሜ ‹ለቆርቆሮ ታለቅሻለሽ!› ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እውነት አብጃለሁ እንዴ? ምን ትመክረኛለህ?»

ጭንቀት የያዛት፣ ከሳንሱሲ

ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኧረ ምን በወጣሽ፣ አላበድሽም! «ሳንሱሲ» በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክም ፖትስዳም ላይ ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። ሰፈሩ ያለ ሐሳብ፣ አንቺ በሐሳብ… (ትንሽ ፈገግ እንድትዪ ብዬ ነው።)

ከአንባቢዎቻችን መካከል «የሬዲዮ መጠገኛ ምኑ ይናፍቃል?» የሚል አይጠፋም። አይፈረድበትም፤ እሱ ስልኩ ሲበላሽበት ሌላ ስልክ ነው የሚያምረው። ድሮ ግን ሬዲዮ የቤቱ ጆሮ ነበር። ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም ከዚሁ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም ደርግ እስኪወርሰው ድረስ አገር ምድሩ ያደምጠው ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ተከፈቱ። በደርግ ጊዜ መስኮት ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ አጭር ሞገድ ላይ መርፌዋን በፀጉር ስንጥቅ ማንቀሳቀስ የብዙ አባቶች የማታ ሥራ ነበር። ታዲያ ያ ሬዲዮ አንድ ቀን «ሽሽሽ…» ብሎ ቢቀር ወዴት ይኬዳል? ወደ አባትሽ ቢጤ ነዋ!

እዚያ ሱቅ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሽታው አይጠፋውም፤ የቀለጠ ሊድ፣ የሞቀ አቧራ። በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የተሞሉ ሬዚስተሮች። እነዚያ ጥቃቅን ባለ ቀለም መስመር ነገሮች ቁጥር ናቸው፤ ጥቁር ዜሮ፣ ቡኒ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካን 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ እያለ ነጭ 9 ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለሞች ቁጥሩ ናቸው፤ ሦስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይናገራል። የባንዲራችንን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብታነቢው 5400 ኦም ይሆናል። የሚያስቀው ይህ ቁጥር በተለመደው የፋብሪካ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ 5100 አለ፣ 5600 አለ። የኛን ራሳችን ካልሠራን ማንም አይሠራልንም ማለት ነው!

አክስትሽ የላኩት ካታሎግ የሬዲዮ ሻክ ሊሆን ይችላል ብዬ ገመትኩ። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1921 ቦስተን ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን፣ ካታሎጉ ለአሜሪካ ልጆች እንደ ተረት መጽሐፍ ነበር። በወር አንድ የባትሪ ድንጋይ በነጻ የሚያሰጥ ካርድ ሁሉ ነበራቸው። (እኛ የሞተውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን፣ አንዳንዴም በጥርስ እየነከስን «ነፍስ ስንዘራበት» ማለት ነው።) ሂዝኪት የሚባለው ደግሞ ዕቃውን በትኖ ከነመመሪያው በሣጥን ይልክልሻል፤ ገጣጥመሽ ሬዲዮ የምታደርጊው አንቺ ነሽ። ሂዝኪት ይህን ሥራ በ1992 አቆመ፤ ሬዲዮ ሻክ በ2015 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቆመ። ዛሬ ጎልማሳ አሜሪካውያን ለእነዚያ ካታሎጎች እንዳንቺው ያለቅሳሉ። እንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ የቆጨኝም እሱ ነው። ለአሜሪካዊው ልጅ ካታሎግ ማለት ነገ የሚገዛው ነው። ለአባትሽ ግን የሌለው ነገር ዝርዝር ነበር። ሳንሱሲ ተቀምጠው ዕቃውን ማን ያመጣላቸዋል? ስለዚህ ያለውን በሌለው ቦታ መተካት ነበረባቸው። ለምሳሌ የጃፓን ሬዲዮ ውስጥ ሲ 945 የሚባለው ትራንዚስተር ቢቃጠል፣ ከፈረሰ የአውሮፓ ቴፕ የተነቀለ ቢሲ 547 ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ግን እግሮቻቸው በአንድ ተራ አልተሰደሩም፤ እንዳለ ከሰካሽው ሬዲዮው ዝም! እግሩን አጣምሮ ማስገባት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ነገር የድሮ ጠጋኝ የት የሚጽፈው ይመስልሻል? ካታሎጉ ጠርዝ ላይ፣ በእስክሪብቶ።

እና አሁኑኑ ሂጂና ጠርዙን እዪ። የታተመው ክፍል አያሳስብሽ፤ የሬዲዮ ሻክ ካታሎጎች ገጽ በገጽ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ አሉ። የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ ግን የትም የለም። ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ሁሉ በስልክሽ አንሺ፤ ደብተር ካለም እንደዚያው። ወንድምሽ መጠቅለያ ያለው ይህን ከሆነ «አይሆንም» በይው፤ እኔም ከጎንሽ ነኝ።

ክፍሏን በተመለከተ ግን ከወንድሞችሽ ጋር ነኝ፤ አትቆጪኝ። እናትሽ የቤት ኪራይ ገቢ ቢያገኙ ምን ክፋት አለው? ክፍሏን ቆልፎ ሙዚየም ማድረግ እሳቸውን አይደጉምም። ደግሞስ ዝም ያሉት እኮ ጠይቃችኋቸው አይደለም፤ ሦስታችሁም በላያቸው ላይ ስትወስኑ ነው። ቡና አፍልተሽ «እማዬ፣ ከአባዬ ዕቃ አንቺ የትኛው እንዲቀርልሽ ትፈልጊያለሽ?» በያቸው። ምናልባት መልሱ ከሦስታችሁም አሳብ የተለየ ነው።

ለቆራሌው በኪሎ ከመስጠታችሁ በፊት ለዩት። ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ መበየጃው፣ መለኪያው ለሚማር ልጅ ሀብት ነው። ከእናንተ ብዙ ሳይርቅ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ፈልገሽ «ይህ ይጠቅማችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። የቀረውን ቆራሌው ይውሰደው፤ ምን አለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። ለራስሽ አንድ ሬዲዮ አስቀሪ። ውስጡ ያረጀ የባትሪ ድንጋይ ካለ ዛሬውኑ አውጪው፤ ፈሳሹ ሽቦውን ይበላዋል።

ታላቅ ወንድምሽ ስለ ሳቀብሽ ክፉ ነው ብዬ ለመፍረድ ይከብደኛል። አንዳንድ ወንድ ሐዘኑን የሚያወጣው ዕቃ በመሸጥ ነው። የምትለዩበት ዕለት ጥሪው፤ ከባድ ከባዱን ያንሳልሽ። የቆየ ባለ ሆዳም ቴሌቪዥን ካለ ግን እሱም አንቺም ክዳኑን እንዳትከፍቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። ቆራሌውም መስታወቱን ግቢያችሁ ውስጥ እንዳይሰብረው፣ እርሳስ አለበት።