የተጣለው ጆይስቲክ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርትና ስለ ግብረ ገብ ሲጻፍ ስለ ኖረ፣ እኔ ስለ መጫወቻ ዕቃ ልጽፍ በመነሣቴ አንዳንዶቻችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ኢሙሌተር ማለት የአንዱን መሣሪያ ሥራ በሌላው ላይ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ፒሲኤስኤክስ 2 የተባለው ለምሳሌ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፕሌይስቴሽን 2 በኮምፒዩተር ላይ ያስመስላል። (የጨዋታዎቹን ቅጂ ከየትም እየለቀሙ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ጥብቅና አልቆምም።)

እኔም እዚህ አዋሽ በርካሽ የገዛሁትን ጆይስቲክ ሰካሁበት። ወደ ፊት ስገፋው ተጫዋቹ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ኳሷን ምታ ስለው ጨዋታውን ያቆማል። ሻጩ «ተበላሽቷል፤ ጣለውና ሌላ ግዛ» አለኝ። እናቴም ገንዘቤን በከንቱ ማጥፋቴን ሳትነግረኝ አልቀረችም። ጆይስቲኩ ግን አልተበላሸም ነበር።

ጆይስቲክ ለኮምፒዩተሩ «ምታ» ወይም «አቀብል» አይለውም፤ «ቍልፍ 0 ተነካ፣ ቍልፍ 3 ተነካ» ብቻ ይለዋል። 0 የሚባለው የትኛው ቍልፍ እንደ ሆነ የሚወስነው ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ወደደው ነው። የአዋሽ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አልሄድ ቢል፣ ፉርጎው ተሰብሯል የሚል ማነው?

መድኃኒቱ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ኤስዲኤል የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ለብዙ ኢሙሌተሮች የጆይስቲክን ነገር የሚያስተናግድላቸው እርሱ ነው። ጆይስቲኩን በፋብሪካው መለያ ቍጥር ያውቀዋል፤ ከዚያም የትኛው ቍጥር የየትኛው ቍልፍ እንደ ሆነ የሚናገረውን መስመር ከጋራ ዝርዝር ያነባል። በዚህ ዝርዝር ላይ ማንም መስመር ጽፎ ሊያስገባ ይችላል። ሰመራ ያለው የአክስቴ ልጅ እንደ እኔው ያለ ጆይስቲክ ስለ ነበረው፣ ቍልፍ በቍልፍ እየነካ መስመሩን አዘጋጅቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ገለበጥሁት፤ ሠራ።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። እርሱ «ዛሬውኑ ወደ ጋራው ዝርዝር እንላከው» ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ርካሽ ጆይስቲኮች ውስጣቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ አንድ ዓይነት መለያ ቍጥር ይዘው ይወጣሉና፣ ለእኔ የቀናው መስመር ለሌላው ሊጣመም ይችላል። ትናንት በደኅና ሲጫወት ያመሸ የሌላ አገር ልጅ ዛሬ በእኛ መስመር ምክንያት ቍልፉ ቢገለበጥበት፣ እርሱም እንደ እኔ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሊጥለው አይደለምን?

አይላክ ማለቴ ግን አይደለም። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሰዎች የእኛን ገበያ ጆይስቲክ ጠረጴዛቸው ላይ አያገኙትም፤ እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? ስለዚህ በየቤቱ የተጣሉት ተሰብስበው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተር ክፍሉ ተከፍቶልን፣ እያንዳንዱ ቢፈተንና ቍጥሩ ቢመዘገብ መልካም ነው እላለሁ። መምህራኖቻችን «ይህ ጨዋታ ነው» ይሉ ይሆናል፤ ፈተናው ግን ከጨዋታው ይልቅ የቤተ ሙከራ ሥራን ይመስላል፤ አሰልቺነቱም ጭምር።

እስከዚያው የአክስቴ ልጅ ከሎግያ ሁለት ተውሶ ሊሞክርልኝ ቃል ገብቷል። እኔም ከሰፈራችን ጌም ቤት ሦስት የተጣሉ አግኝቻለሁ። አንደኛው ገመዱ ተበጥሷል። ሁለተኛው በመስመራችን በትክክል ሠራ። ሦስተኛው መለያ ቍጥሩ ያው የእኔው ነው፤ ነገር ግን ምታ ስለው አሁንም ጨዋታውን ያቆማል።